የወንድሜን የካናዳ ቋሚ መኖሪያ ሰነዶች ያስተረጎምኩበት የደሴ ቢሮ

ወንድሜ በካናዳ አልበርታ ግዛት በሥራ ፈቃድ ገብቶ በብየዳ ሙያ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ በሚመርጠው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው የካናዳ ሥርዓት በኩል ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ እንዲያመለክት ግብዣ ሲደርሰው፣ ማመልከቻውን ከነሙሉ ሰነዱ ለማስገባት የነበረው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነበር። ከሰነዶቹ የሚበዙት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ስለነበሩ ውክልና ላከልኝና የመሰብሰቡ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። ትርጉሙን ያሠራሁት ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም፤ ያየሁት አሠራር ግን ወደ የትኛውም ቢሮ ለሚሄድ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ መጀመሪያ የልደት ወረቀቱንም የጋብቻውንም ራሴ ተርጉሜ ለመላክ አስቤ ነበር። የካናዳ መንግሥት ግን አመልካቹም ሆነ የቅርብ ቤተሰቡ፣ እህትን ጨምሮ፣ የተረጎመውን ሰነድ አይቀበልም። ትርጉሙ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ መሆን አለበት፤ ተርጓሚው በሚመለከተው ማኅበር የታወቀ ባለሙያ ካልሆነም የትርጉሙን ትክክለኛነት በቃለ መሐላ ማረጋገጥና የዋናውን ሰነድ ቅጂ አብሮ ማያያዝ ይጠበቅበታል። ቢሮው ይህን ሳልጠይቀው ስለነገረኝ ገና በመጀመሪያው ቀን አመኔታዬን አግኝቷል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅኩት ሥራውን የሚጀምርበትን መንገድ ነው። ተርጓሚው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ያመጣሁትን ወረቀት ሁሉ በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና አንድም ቃል ሳይተረጉሙ እርስ በርሱ ማመሳከር ጀመሩ። የአያታችን ስም ሁሴን በወንድሜ ፓስፖርት በሁለት ኤስ፣ በትምህርት ማስረጃው ደግሞ በአንድ ኤስ መጻፉን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ያንን ወረቀት ለዓመታት ይዤ አላየሁትም ነበር። ወንድሜና ባለቤቱ የተጋቡት በኒካሕ ስለሆነ የኒካሑ ወረቀት በሒጅራ አቆጣጠር ሻዕባን 1438 ይላል፣ የልጃቸው የልደት የምስክር ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል፣ ፓስፖርቱ ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። በወሎ አንድ ቤተሰብ በሦስት የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ወረቀት ይዞ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማመልከቻውን አልበርታ ወይም ኦታዋ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። እናቴ አብራኝ ነበረችና ተጨንቃ «ይህ ሁሉ ሊስተካከል ነው?» ብትላቸው፣ «አብሽሩ፣ አንቱ ብቻ ዱዓ ያድርጉ፤ ወረቀቱን ለኛ ይተዉት» አሏት። ጋሼ ያን ዕለት የምሳ ሰዓታቸውን እንኳ አልወጡም።

ትልቁ ስሕተት የተገኘውም እዚሁ ላይ መሆኑ ያሳዝናል። የወንድሜ ልጅ የተወለደችው ነሐሴ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 3 ቀን 2018 ሲሆን በፓስፖርቷም የሰፈረው እንደዚያው ነው። ጽሑፉን በኮምፒውተር የምትጽፈው ወጣት ግን ነሐሴን በኦገስት ተክታ ቀኑን እንዳለ በመተው ኦገስት 28 ቀን 2018 ብላ ጻፈችው፤ ጋሼም ሳያስተውሉ ማኅተም አደረጉበት። የዓመቱን የሰባትና የስምንት ልዩነት ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የሚያሳስተው ወሩና ቀኑ ነው። ቤት ገብቼ ከፓስፖርቷ ጋር ባላመሳክረው ኖሮ አንዲት ልጅ በሁለት የልደት ቀን ልትቀርብ ነበር። በማግስቱ ስመለስ ይቅርታ ጠይቀው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካከሉልኝ። ለአርባ ገጽ ሥራ አንድ ስሕተት ብዙ ባይባልም፣ በዚህ ዓይነት ማመልከቻ ግን አንዱ ይበቃል፤ ስለዚህ ከቢሮው ሳትወጡ እያንዳንዱን ቀን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ከትርጉሙ ባሻገር የጠቀመኝ ምክራቸው የወንድሜን የቀድሞ ሥራ ማስረጃ የተመለከተ ነው። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ነጥብ የሚያስገኝለትን ይህን ልምድ ለማስረዳት የሥራውን ዝርዝር፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት፣ ደመወዙንና የቅጥር ዘመኑን የያዘ የፋብሪካው ደብዳቤ ያስፈልጋል። የፋብሪካው የሠራተኛ ማኅደር ግን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጠፍቷል። አዲሱ የሰው ኃይል ኃላፊ ያልጨበጡትን ነገር ጽፈው መፈረም ከበዳቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጋሼ የመከሩኝ ሌላ ማስረጃ አሰባስቤ ሁኔታውን የሚያብራራ ደብዳቤ እንዳያይዝ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ ሲገባ የኖረው ገንዘብ፣ መዝገቡ ፋብሪካው ጋር ብቻ ስላልሆነ ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ የተሰጠኝ ማስረጃ የቅጥር ዘመኑን አረጋገጠልን። ደመወዝ ይገባበት የነበረውን የባንክ ሒሳብ መግለጫ ጨመርንበት፤ አብሮት የሠራ የቀድሞ አለቃውም የሥራውን ዝርዝር በፊርማው አረጋገጠ።

ማመልከቻውንስ ሞልተው ያስገቡልን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን በግልጽ እምቢ አሉኝ። ለካናዳ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ የማማከርም ሆነ የመወከል መብት ያለው በኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ወይም ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ብቻ እንደሆነ፣ እሳቸው ደግሞ ተርጓሚ እንጂ ከሁለቱም እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ያነጋገርኩት አንድ ደላላ «እኔ ከጨረስኩት አይቀርም» እያለ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቀኝ ስለነበር፣ ይህ ሐቀኝነት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባኛል። ያው ደላላ ጉዳዩ እንዲቀልል የወንድሜ ባለቤትና ልጅ በማመልከቻው ላይ ባይጠቀሱ ይሻላል ብሎ መክሮን ነበር። ብንሰማው ኖሮ የምንከፍለው ዋጋ ከባድ ነበር፤ በካናዳ ሕግ አመልካቹ ሚስቱንና ልጁን፣ አብረውት ባይሄዱም እንኳ፣ ማሳወቅና የጤና ምርመራ ማስደረግ አለበት። ያልተገለጹ ከሆነ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት ሊወስዳቸው ሲፈልግ በአብዛኛው ይከለከላል። ለምርመራው እናትና ልጅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ደርሰው ተመልሰዋል፤ ድካሙ የሚቆጭ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ክፍያን ይመለከታል። በገጽ የተነገረኝ ዋጋ ተመጣጣኝ ነበር፤ ሰነዱን ልወስድ ስሄድ ግን ቀድሞ ያልተነገረኝ «የአስቸኳይ» ጭማሪ ተጠየቅሁ። ስከራከር ግማሹን ቀነሱልኝ። ዋጋው በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወይም በደረሰኝ ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ከገጠር መጥቶ መከራከር ለማይችል ሰው ደግሞ ነገሩ ከቅሬታ ያለፈ በደል ነው።

ማመልከቻው በ51ኛው ቀን ገብቶ አሁን ውሳኔ እየጠበቅን ነው። የእናታችንን ወረቀቶችም ለማስተርጎም ወደዚያው ቢሮ እሄዳለሁ፤ በዚህኛው ዙር ግን ዋጋውን አስቀድሜ በጽሑፍ አስይዛለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ዋናዎቹን ሰነዶችና ፓስፖርቱን አንድ ላይ ይዞ፣ በተቻለ መጠን ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ይድረስ። ዓርብ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ።