የትከሻ ማቅኛ ማሰሪያ፦ ለምን ይጠቅማል፣ ለምን አይጠቅምም?

በሁለቱ ትከሻዎች ገብቶ ጀርባ ላይ የሚሻገረው፣ በቬልክሮ የሚጠብቀው ማሰሪያ «ጉብጠትን ያቃናል፣ ትከሻን እኩል ያደርጋል» ተብሎ ይሸጣል። የመጀመሪያውን በከፊል እንቀበላለን፤ ሁለተኛውን በፍጹም አንቀበልም።

የሰው አካል ከተፈጥሮው ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። 1.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጉበት በቀኝ ተቀምጧል፣ ልብ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ቀኙ ሳንባ 3 ክፍል ሲኖረው ግራው 2 ብቻ ነው። ስለዚህ መስታወት ፊት አንዱ ትከሻ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢታይ፣ ሕመም እስከሌለና ሁለቱም እጆች እንደልብ ወደ ላይ እስከተነሡ ድረስ የሚያስጨንቅ አይደለም። ማሰሪያው ደግሞ ሁለቱንም ትከሻ እኩል ወደ ኋላ ነው የሚጎትተው፤ የግራና የቀኙን ልዩነት በምን ያጠብበዋል?

ጥቅሙ ማስታወስ ነው። ትከሻ ወደ ፊት ሲሸሽ ይይዛል፣ ሰውም ነቃ ይላል። ለዚህ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከስስ ካናቴራ በላይ ይለበስ፤ መሻገሪያው አንገት ሥር ሳይሆን በትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች መካከል ይረፍ፤ ብብት ላይ ሁለት ጣት በቀላሉ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ጣት ከደነዘዘ ብብት ሥር ያለው ነርቭ ተጫነ ማለት ነውና ወዲያው ይፈታ።

በብዛት የሚታየው ስህተት ግን ማጥበቅ ነው። ሲጠብቅ ትከሻ ሳይሆን ደረት ወደ ፊት ይገፋል፣ ወገብ ይለመጣል። ከፊት ለሚያየው ቀጥ ያለ ይመስላል፤ በጎን ሲታይ ግን የታችኛው ጎድን ጠርዝ በካናቴራው ሥር ጎልቶ ይወጣል። ያኔ ማላላት፣ ጎድኑ እስኪወርድ ረጅም ትንፋሽ ማስወጣት፣ ከዚያ እንደገና ማሰር ነው።

ማሰሪያው ሲፈታ ትከሻም ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ጡንቻው አልሠራማ! ገንዘቡን ለስፖርት ላስቲክ ማዋልን እንመርጣለን። ላስቲኩ በማይነቃነቅ ነገር ላይ በእምብርት ከፍታ ይታሰር፤ በአንድ እጅ ክርን ጎድንን እስኪያልፍ ይጎተት፣ 2 ሰከንድ ይያዝ፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይመለስ። በየጎኑ 10 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ከደካማው ጎን ይጀመር፤ ጠንካራው ደካማው የቻለውን ያህል ብቻ ይሥራ። ወገብ ከእጅ ጋር ከዞረ ላስቲኩ ከብዷል፣ ቀለል ያለ ይተካ።

ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ ቦርሳ ማንገት፣ በአንድ እግር ላይ ተደግፎ መቆም፣ ስክሪንን ወደ ጎን አድርጎ ማየት፦ እነዚህ በራሳቸው ጎጂ አይደሉም፤ ለሰዓታት ሳይለወጡ መቆየታቸው ነው የሚያደክመው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጎን መቀየር ከማሰሪያው ይሻላል።

ለልጆች ግን ይህን ማሰሪያ ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይታይ። ልጁ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት ይጎንበስ። የጀርባው አንድ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ይየው። በኤክስሬይ የአከርካሪው ጥመት 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ ለእሱ የሚታዘዘው ድጋፍ በልኩ የሚሠራ ሌላ ነው፣ ይህ ማሰሪያ አይተካውም።