ደሴ ላይ ግሎኬን ያስፈተሽኩበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ግሎክ ሽጉጤ ከወገቤ ሾልኮ ሲሚንቶ ላይ ወደቀብኝ። አልባረቀም፣ ግን ልቤ አልረጋም፤ ደሴ ወዳለ አንድ መሣሪያ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀኝ ፈቃዴን ነው። ከዚያ ጥይት የሚይዘውን ካርታ አወጣ፣ የጥይቱን ጎሬ በዓይኑም በጣቱም አየ። «ባዶ ነው» ብለው አልሰማኝም፣ ደግሞም ልክ ነው።

ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ ማቀቢያ የለውም፤ 3ቱ መጠበቂያዎቹ ምላጩ ላይና ሆዱ ውስጥ ናቸው። ላይኛውን ተንሸራታች ፈትቶ ጥይት መቺዋን መርፌ ከኋላ ወደፊት ገፋት። አልወጣችም። ቀጥሎ ከመጠበቂያዎቹ አንዷን፣ ትንሿን ክብ ቁልፍ፣ በጣቱ ተጭኖ ሲገፋት ጫፏ ብቅ አለች።

«አየህ ወንድሜ፣ ቁልፏ ሳትነካ ብትወጣ ኖሮ ይዘኸው አትሄድም ነበር። አሁን አብሽር» አለኝ።

ዘይት በማብዛቴ ግን ተቆጣኝ። የመርፌዋ መሄጃ ደረቅ መሆን አለበት፣ ዘይት ካለበት አቧራ ይጋገርበታል፤ የኔው ጥቁር ጭቃ ይዞ ነበር። በጨርቅ ጠራረገው።

ወረፋው ያስመርራል፣ መቀመጫም የለም። ዋጋው ግን አይጎዳም። ሽጉጥ የጣለ ሰው እዚያ ይሂድ።