ፎቶ ፎርማት ለመቀየር የቱ ይሻላል? ድረ ገጽ፣ ኢርፋንቪው፣ ኤክስኤንኮንቨርት፣ ጊምፕ ወይስ ፎቶሾፕ

"ፎቶው አልከፍት አለኝ" የሚል ሰው ጅማ ውስጥ ሞልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የአይፎን ፎቶ ነው። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን የቆየ ዊንዶውስ አያውቀውም፣ ማመልከቻ የሚቀበሉ ብዙ ድረ ገጾችም ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ካልሆነ አይቀበሉም።

ምንም ነገር ከማውረዳችሁ በፊት፣ አይፎኑ የራሳችሁ ከሆነ ሴቲንግ ግቡ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ከዚያ "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ጄፔግ ይሆናል። በነፃ ተገላገላችሁ። ከዚህ በታች ያለው እስካሁን ለተነሱትና ሰው ለሚልክላችሁ ነው።

እንደ ክላውድኮንቨርትና ኮንቨርቲዮ ያሉ ድረ ገጾች ለሁለት ሦስት ፎቶ ምንም አይላቸውም። ጫን፣ ቀይር፣ አውርድ፣ አለቀ። ብዙ ከሆነ ግን ሂሳቡን ምቱት። በርጩማና አልጋ በቴሌግራም የሚሸጥ ልጅ 100 ፎቶ አለው እንበል። አንዱ 2 ሜጋባይት ቢሆን ለመጫን ብቻ 200 ሜጋ ይፈልጋል፣ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ደግሞ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ለማውረድ 400፣ በድምሩ 600 ሜጋ ጥቅል ሄደ ማለት ነው፣ ያውም መሃል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ካልጠፋ። በዚያ ላይ ፎቶው የሰው ሰርቨር ላይ ነው የሚያርፈው። የበርጩማ ፎቶ ይረፍ፣ ምን ቸገረኝ። ፓስፖርት፣ መታወቂያና የዲግሪ ስካን ግን እኔ አልጭንም። "ቆይተን እንሰርዛለን" ይላሉ፣ ይሰርዙ ይሆናል።

ስኩሽ የሚባለው ከዚህ ይለያል። የጎግል ሰዎች የሠሩት ነው፣ በብራውዘር ይከፈታል እንጂ ፎቶውን የትም አይልክም፣ ሥራው እዚያው ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ያልቃል። የፊቱንና የኋላውን ጎን ለጎን እያሳየ መጠኑን ሲቀንስ ማየት ደስ ይላል። ችግሩ አንድ በአንድ መሆኑ ነው። ለ100 ፎቶ አይታሰብም።

ላፕቶፕ ካላችሁ ዋናው ምርጫ ኢርፋንቪውና ኤክስኤንኮንቨርት በሚባሉት ሁለት ፕሮግራሞች መካከል ነው። ኢርፋንቪው ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሠራው ኢርፋን ስኪልያን የሚባል የቦስኒያ ሰው ነው። ለዊንዶውስ ብቻ ነው የተሠራው። በጣም ቀላል ነው፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ይሮጣል። ከፍታችሁ ቢ የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ የጅምላ መቀየሪያው ይመጣል፣ ፎቶዎቹን ትጨምራላችሁ፣ ፎርማት ትመርጣላችሁ፣ የሚቀመጥበትን ፎልደር ታሳዩታላችሁ። ፎልደሩን ሌላ አድርጉት፣ ዋናው ላይ እንዳይጽፍባችሁ። መልኩ ግን የድሮ ነው፣ ሁሉም ነገር አንድ መስኮት ላይ ታጭቋል፣ ለኤችኢአይሲ ደግሞ ፕለጊን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ለብቻ ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው።

ኤክስኤንኮንቨርት ከኢርፋንቪው ይከብዳል፣ ግን በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ፎልደሩን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፣ በሁለተኛው ታብ ስፋቱን ቀንስ፣ ሎጎ ለጥፍ ምናምን ትሉታላችሁ፣ በሦስተኛው ፎርማቱን። አንዴ ያስተካከላችሁትን አስቀምጣችሁ ለሚቀጥለውም ትጠቀሙበታላችሁ። እዚያው ታብ ላይ ሜታዳታ የሚለውን ምልክት ብታነሱ ፎቶው የተነሳበት ቦታና ሰዓት አብሮ አይሄድም፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ዕቃ ፎቶ እያነሳችሁ የምትሸጡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። እኔ ብመርጥ ይሄን ነው፣ ያለጥያቄ። ኢርፋንቪውን የምመርጠው ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ብቻ ነው።

አንድ "ግን" አለ። ሁለቱም በነፃ የሚሰጡት ለግል ጥቅም ነው። እዚህ ጅማ አጂፕም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ፎቶ ቤት ከፍታችሁ ደንበኛ የምታስተናግዱበት ከሆነ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ። መክፈል ያልፈለገ ሱቅ ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይጫን፣ ለንግድም ነፃ ነው፣ ኤችኢአይሲም ይከፍታል። ብዙ ሰው እሱ ላይ የሚናደደው "ሴቭ" ሲል ጄፔግ አጥቶ ነው። "ኤክስፖርት አስ" በሉት፣ እዚያ አለ። ለጅምላ ሥራ ግን አይመችም።

የትኛውንም ብትይዙ ሁለት ነገር አይቀየርም። ጄፔግ ግልጽ ጀርባ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ጀርባ የሌለው የፒኤንጂ ሎጎ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ነጭ ወይም ጥቁር ሳጥን ይዞ ይወጣል፤ ቲሸርት ላይ ሊታተም ከሆነ ፒኤንጂውን ራሱን ስጡ፣ በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ሁለተኛ፣ የተበላሸ ጄፔግ ፒኤንጂ ስላደረጋችሁት አይጠራም፣ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ። በረካ የደረሰ ቡና ወደ አቦል አይመለስም።

ፎቶሾፕስ? ፎርማት ለመቀየር ብቻ ከሆነ ብር ማባከን ነው፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ሲኤምዋይኬ የሚባለውን የኅትመት ቀለም ለሚጠይቅ ማተሚያ ቤት የምትሠሩ፣ ባነርና መጽሔት የምታወጡ ከሆነ ግን ዋጋውን ያወጣል። "ክራኩ አለኝ" ብሎ ሳይከፈልበት የተሰበረውን ቅጂ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ ቫይረስ አብሮ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነውና ፍላሹን መልሱለት።