ትልቅ ግድብ ወይስ የማሳ ኩሬ?

አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ ዶፍ ይሆናል፤ ሲጠፋም ድራሹ ይጠፋል። ታዲያ ውሃውን የት እናቆየው?

ግድብ ብዙ ይይዛል። የዘንድሮን ዝናብ ለከርሞ ያሻግራል፣ መብራትም ይሰጣል። ግን ግንባታው ዓመታት ይፈጃል፣ ደለል ይሞላዋል፤ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬማ ሁሌም ተራ ጠባቂ ነው።

ኩሬ ትንሽ ናት፤ ድርቁ ሁለት ዓመት ከዘለቀ አታዋጣም። ነገር ግን በቆሎው ሊያብብ ሲል ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥስ? ያኔ ነው ጥቅሟ የሚታየው። 1 ሄክታር ማሳ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ውሃ ለማጠጣት 300 ሜትር ኩብ ይበቃል። (ከሥሯ ወፍራም ላስቲክ ካልተነጠፈ ግን ውሃው ሰርጎ ያልቃል።)

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዝናብ ለሚያርስ ገበሬ ኩሬዋ ትቅደም። ግድቡ ለከተማና ዓመቱን ሙሉ ውሃ ለሚፈልግ የፍራፍሬ እርሻ ይሁን።