ሁለተኛውን ኤምአርአይ የት እንነሳ?

ሰሞኑን ሦስት ጎረቤቶቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የተነሳችሁበት ማሽን ላይ። ርካሹን ሞክሬ ከስሬያለሁ።

አክስቴ አምና ጭንቅላቷ ውስጥ ላለ እብጠት ባሕር ዳር 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ላይ የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሳች፤ 7,000 ብር። ዘንድሮ ክትትሏ ሲደርስ በ4,500 ብር የሚያነሳ ቤት አገኘሁ። ማሽኑ 0.3 ቴስላ ነው፣ ጎኑ ክፍት። አክስቴ ወደደችው፤ «ይኼስ መቃብር አይመስልም» አለች። እኔም 2,500 ብር ተረፈኝ ብዬ ቡና ጋበዝኳት።

ሐኪሙ ሁለቱን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅሎ ዝም አለ። ከዚያ «እብጠቱ ይሁን ማሽኑ የተለወጠው በምን ልወቅ?» አለኝ።

የአምናው አንጎሏን በ1 ሚሊ ሜትር እየቆረጠ ነው ያነሳው። የዘንድሮው በ5፣ ያውም በየመሃሉ እየዘለለ። ድፎ ዳቦ በወፍራሙ ሲቆረጥ ውስጡ የቀረች ጠጠር አትታይም አይደል? እንደዚያ ነው። ንጣቱና ጥቁረቱም አይገጥምም። በሲቲ ስካን የንጣቱ መጠን በቁጥር ይለካል፣ የውኃው ቁጥር የትም አገር ዜሮ ነው፤ የተለመደው ኤምአርአይ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ የለውም።

«በኮምፒውተር ይገጣጠማል» ያለኝም ነበር። አዎ፣ ሶፍትዌር ሁለቱን ምስል አዙሮ ያነባብራል። ያልተነሳውን ግን ከየት ያመጣል? ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን ወደ 1 ቢከፋፍለው ግምት ነው። ኮምባት የሚባለው የማሽን ልዩነት ማቻቻያ ስሌትም ለብዙ ሰው ጥናት እንጂ ለአንዲት አክስት አይሆንም።

ስለዚህ ባሕር ዳር ተመልሰን ሌላ 7,000 ከፈልኩ። የዘንድሮው ብቻ 11,500! ከማርቆስ የሁለት ሰው ትራንስፖርትና አልጋ ሳይቆጠር።

ፊልም ብቻ ይዛችሁም አትውጡ። ያ ርካሹ ቤት ለሲዲ 200 ብር ተቀብሎኝ ነበር፤ ስከፍተው የስክሪን ፎቶ ብቻ። ዳይኮም ፋይል (ማሽኑ ራሱ የሚያወጣው ዋናው የምስል ፋይል) መሆኑን እዚያው አስከፍታችሁ እዩ። የቁራጩ ውፍረት፣ የቴስላው መጠን፣ የአነሳሱ ዓይነት ሁሉ የሚመዘገበው እሱ ውስጥ ነው። ፊልሙን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለዘመድ ወሬ እንጂ ለሐኪም አይሆንም።

ሳትሳፈሩ ደግሞ ደውሉ። እኛ ስንደርስ የባሕር ዳሩ ማሽን ተበላሽቶ አራት ቀን ጠበቅን። መጠበቅ ካልቻላችሁ ሌላ 1.5 ቴስላ ፈልጉና የድሮውን ሲዲ ለባለሙያው ስጡት፤ «በዚሁ ውፍረት፣ ያንኑ ቲ-ዋን፣ ቲ-ቱና ፍሌር አንሳልኝ» በሉት፤ እነዚህ የአነሳሱ ዓይነቶች ስም ናቸው። ለዚህ ማንም ተጨማሪ አላስከፈለኝም።