ለግቢያችን «ሲስተር» ምስጋና፣ በር ለማይከፍቱ ጎረቤቶች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለቦሌ አራብሳ ነዋሪዎች፣ በዙሪያችን ላላችሁም ሁሉ። ይህን የምንጽፈው ትንንሽ ልጆች ያሉን የአንድ ግቢ ጎረቤታሞች ነን። ቦርሳዋን አንግታ፣ መዝገቧን ታቅፋ፣ ሊፍት የሌለውን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የምትውለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችንን በአደባባይ ማመስገን ፈልገን ነው። ስሟ እንዲጻፍ ስላልወደደች፣ ሁላችንም እንደምንጠራት «ሲስተር» እንበላት። ባዶ ምስጋና ግን ደረጃውን አያሳጥርላትም። ሥራዋን የሚያቀልላት ምን እንደምትሠራ የሚያውቅና በሩን የሚከፍት ቤት ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እንጻፈው።

ብዙ ቤት በበሩ ቀዳዳ አይቶ ዝም የሚላት መዋጮ ሰብሳቢ ወይም ዕቃ አሻሻጭ እየመሰለችው ነው። አይደለችም። የጤና ኤክስቴንሽን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በገጠር ተጀምሮ በ2009 ወደ ከተማ የገባ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። በከተማ በዚህ ሥራ የሚሰማሩት በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው፣ «ሲስተር» የምንላቸውም ለዚሁ ነው። ቤት ድረስ ለምትሰጠው ምክርና ክትትል አምስት ሳንቲም አይከፈልም። ተከራይ መሆንም አያግድም፤ «የቤቱ ባለቤት እኔ አይደለሁም» ብላችሁ የምትመልሷት አላችሁ፣ እሷ የምትመዘግበው በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ቤተሰብ ነው። ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ለሠራተኛዋ ወይም ለአያት አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የክትባት ካርዱን እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አኑሩ፣ ስልካችሁንም መዝገቧ ላይ አስጽፉ።

ከሁሉ በላይ ያተረፍነው ክትባት ላይ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ የቲቢ መከላከያው ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ አለ። ከዚያ በ6ኛው ሳምንት፣ እናቶች «የ45 ቀን» የምንለው፣ ቀጥሎም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታ፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣሉ፤ የተቅማጥ መከላከያው ሮታም በዚሁ ጊዜ ይጀመራል። በ14ኛው ሳምንት በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ ይጨመርበታል፤ በዚያ ቀን ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ስለሚወጋ አንጀታቸው የማይችል እናቶች «አንዱ ለሚቀጥለው ይቆይ» ይላሉ። አይቆይ። ሦስቱን በአንድ ቀን መውሰድ ጉዳት የለውም፣ ለሌላ ቀን የተቀጠረው መርፌ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ዋናው መዝረክረክ የሚመጣው ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ነው። እስከ 9 ወር ድረስ ቀጠሮ ስለሌለ እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ልጁም ደህና ነው፣ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በ9 ወር የመጀመሪያው፣ በ15 ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ። የ15 ወሩ በመደበኛው ፕሮግራም የገባው በ2011 ዓ.ም ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ልጃቸውን «በ9 ወር ጨረሰ» ብለው ያሳደጉ ሰዎች ለትንሹ ያንኑ ይደግሙታል፣ አያቶችም ይመሰክሩላቸዋል። ሲስተር መዝገቧን ገልጣ «የአራተኛ ፎቁ ማሙሽ 15 ወር ሞልቶታል» ብላ የምትደውለው ለዚህ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚበሳጭበት ነገር፣ ልጅ ታቅፎ ጤና ጣቢያ ሄዶ «የኩፍኝ ቀን ዛሬ አይደለም» ተብሎ መመለስ ነው። ምክንያቱን ያስረዳን አልነበረም፣ እሷ እስክትነግረን። ቢሲጂና ኩፍኝ በዱቄት መልክ የሚመጡ ናቸው። ከማሟሚያው ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፣ የተረፈው ይደፋል። አንዱ የኩፍኝ ብልቃጥ በተለምዶ ለ10 ልጅ፣ የቢሲጂው ደግሞ ለ20 ልጅ ነው። ለአንድ ልጅ ተከፍቶ ሌላው እንዳይደፋ ሲባል ልጆች በአንድ ቀን እንዲሰባሰቡ ይደረጋል። እኛ ግቢ ሲስተር 9 ወርና 15 ወር የሞላቸውን ቆጥራ ከዋዜማው ትደውላለች፣ እናቶች ተጠራርተው አብረው ይሄዳሉ። በሌላ ግቢ የምትኖሩም ከመሄዳችሁ በፊት የቢሲጂና የኩፍኝ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቁጣን ፈርታችሁ አትቅሩ። ክትባት ዘገየ ተብሎ ከመጀመሪያው አይጀመርም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ከፔንታ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና የተወጋበት ቦታ ማበጥ የተለመደ ነው፤ ጡት ደጋግሞ ማጥባትና ልብስ ማቅለል ይበቃል፣ ጭኑን ማሸትም ቅቤ መቀባትም አያስፈልግም። የቢሲጂው ክንድ ላይ ከሳምንታት በኋላ ብጉር መሰል ቁስል ይወጣና በራሱ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል፤ ቡና አትንስንሱበት፣ አታፍርጡት። በዘመቻ ጊዜ ቤት ለቤት የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታም ተጨማሪ ነው እንጂ የመደበኛው ምትክ አይደለም። ካርዱን ደግሞ ፊትና ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

በቦርሳዋ ያለችው ባለ ሦስት ቀለም የክንድ መለኪያ ቀላል ትመስላለች፣ አለካኳ ግን ቀላል አይደለም። የምታገለግለው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። የግራ ክንድ፣ በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል ያለው ቦታ፣ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ይለካል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ በሹራብ ላይ መለካትና መለኪያውን አጥብቆ መሳብ። ሹራብ የከሳውን ልጅ ደህና ያስመስላል፣ የጠበቀ መለኪያ ደግሞ ደህናውን የከሳ። ቀይ የመጣባቸው ልጆች ለውዝ ያለበት የሕክምና ምግብ፣ በተለምዶ «ፕላምፕሌት» ወይም «ፕላምፒናት» የሚባለው፣ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ያ መድኃኒት ነው፤ ለወንድምና ለእህት አይከፋፈልም፣ ለሱቅም አይሸጥም።

ተቅማጥ ላይ ደግሞ አብዛኞቻችን የምናበላሸው ልኩን ነው። አንድ የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውሃ ነው፣ ማለትም በሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ። በሻይ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ልጁን ይባስ ያደርቀዋል። «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ» ብሎ ከረጢቱን በግምት መክፈልም ልኩን ያዛባል። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ እየመጣ በጀሪካንና በበርሜል ስለሚቆይ መጀመሪያ ይፈላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይበጥበጥ። ስኳር አይጨመርበትም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል፣ አዲስ ይዘጋጃል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200፣ በማንኪያ ወይም በሲኒ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ ይበልጥ በዝግታ። ጡት አይቋረጥም። አብሮ የሚታዘዘው ዚንክ ለ10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ዚንኩም የሚቆምባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ሲስተር ግን ባዶ መያዣውን አሳዩኝ ትላለች። (ይህ ጠባይዋ አንዳንዱን ያስቀይማል፤ እኛ ወደነዋል።)

ግን አንድ ነገር እሷ ራሷ ደጋግማ የምትለው አለ፦ እኔን አትጠብቁኝ። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ደንዝዞ የማይነቃ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ ቀንም ሆነ ሌሊት በቀጥታ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ስለ ገንፎ ብዙ ተከራክረናል። በየሱቁ የሚሸጠው «12 ዓይነት እህል» ዱቄት የግድ አይደለም፤ በእኛ እምነት ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ብክነት ነው። የምትመክረው ቀላል ነው፦ ሦስት እጅ እህል (ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ጤፍ ካለ) ለአንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ፣ ምስር ወይም ባቄላ)። ጥራጥሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ አብሮ ይፈጫል። ለውዝና ሌላ የቅባት እህል አብሮ ከተፈጨ ዱቄቱ ቶሎ ይሻግታል፤ የሻገተ ለውዝ ደግሞ መርዝ ስለሚይዝ ለብቻው በትንሽ በትንሹ መፍጨት ይሻላል። የሚበስለው ገንፎ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ይሁን። የቀጠነው ሆድ ይሞላል እንጂ ልጁን አያፋፋውም። ሲወጣ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተፈጨ ካሮት ወይም ጎመን፣ በተገኘ ቀን እንቁላል። የሚጀመረው 6 ወር ሲሞላ ነው። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

በየ6 ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ (ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት) እና የትላትል መድኃኒት ጊዜም እሷን ጠይቁ። የትላትሉ ክኒን ለትንንሾቹ ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣል፤ እያለቀሰ ያለን ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማዋጥ ትንታ ያመጣል።

ከጤና ወጣ ያለ የሚመስል ግን እሷ የማትረሳው የልደት ምዝገባ ነው። በሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከወለዳችሁበት ጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። እዚያው ቆማችሁ የእናትና የአባት ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን እዩ፤ በኋላ ለማስተካከል መመላለስ ይበዛል። ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ መታወቂያችሁ ግን አሁንም የቀድሞው ወረዳ የሆነ፣ መሸኛ የማውጣቱን ነገር ከወሊድ በፊት ጨርሱት። አራስ ቤት ሆኖ ከወረዳ ወረዳ መሮጥ ለማንም አይመከርም።

እንዴት ታገኟታላችሁ ለምትሉ፦ ወደ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የጤና ኤክስቴንሽን ክፍሉን ጠይቁ። የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ የልጆች ስምና የልደት ቀን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ነፍሰ ጡር ካለችም ተናገሩ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ነው የሚመረጠው። ለእናንተ ብሎክ የተመደበችው ባለሙያ የእኛዋ ላትሆን ትችላለች፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

የእኛዋ ከመጣች ደግሞ፣ አራተኛ ፎቅ ደርሳ ስታንኳኳ መጀመሪያ ወንበርና ውሃ ስጧት። ካርዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።