ለበጎቻችን ሐኪም ምስጋና፣ ለደብረ ብርሃን ዙሪያ አርቢዎች ጥቆማ

በቀበሌያችን የእንስሳት ክሊኒክ የምትሰራ ሐኪም አለች። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም። ክሊኒኩ ሄዶ "ዶክተሯ" ያለ ሰው ግን አያጣትም።

ረግረጉ ዳር የሚግጡት በጎቼ ከስተውብኝ ነበር። የአንዷ መንጋጋ ስር አብጦ ተንጠልጥሏል። ዶክተራችን የበጓን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለበጥ አድርጋ አሳየችኝ። ቀላ ማለት የነበረበት ወረቀት መስሏል። በጠጡን በማይክሮስኮፕ ስታየው የጉበት ትል እንቁላል አገኘች።

መድኃኒት የሚሸጥማ ሞልቷል። እሷ ግን መድኃኒቱ በበጓ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አልቤንዳዞል የሚባለው ይህ የትል መድኃኒት ውኃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም። ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ ይቀመጥና ትንሽ በትንሽ ወደ አንጀት ይወርዳል። በደም አድርጎ ጉበት ሲደርስ ጉበቱ አልቤንዳዞል ሰልፎክሳይድ ወደሚባል ነገር ይቀይረዋል። በደም ውስጥ እየዞረ ዋናውን ሥራ የሚሰራው እሱ ነው። ቆየት ብሎ ጉበቱ እንደገና አልቤንዳዞል ሰልፎን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ያ ደግሞ ትሉን አይነካውም። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ መድኃኒቱ ሳይታጠብ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ለዚህም ብላ ጠንካሮቹን በጎች ከመድኃኒቱ በፊት ሌሊቱን ያለ ሳር አሳደረቻቸው። ጨጓራው ቀለል ካለ መድኃኒቱ ቶሎ አያልፍም። ውኃ አልከለከለችም። እርጉዝና አቅመ ደካማ የሆኑትን ግን በፍጹም እንዳናስርብ አስጠንቅቃናለች። ፈሳሹንም ወደ ምላስ ጀርባ ነው የምትሰጠው። አፍ ጫፍ ላይ ከፈሰሰ ጨጓራውን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።

ደስ ያለኝ ጥንቃቄዋ ነው። አንድም በግ በዓይን ግምት አላለፈችም፣ ሁሉንም መዘነች። ለጉበት ትል በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ስለሆነ 30 ኪሎ ለምትመዝን በግ 225 ሚሊግራም ይደርሳታል። መጠኑ ካነሰ ትሉ መድኃኒቱን ይለማመዳል። በአውራ በግ ከተጠቁ ወር ያልሞላቸውን ለይታ አስቀረች፣ አልቤንዳዞል ጽንሱን ያበላሻልና። ለበዓል ገበያ ያሰብኳቸውንም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የእርድ መጠበቂያ ቀን ሳያልፍ እንዳልሸጥ ነገረችኝ። የሚበላውን ሰው ጭምር ታስባለች ማለት ነው።

አልቤንዳዞል ትልልቆቹን የጉበት ትሎች እንጂ ገና ጉበት ውስጥ የሚዘዋወሩትን ትንንሾቹን አይገድልም። ስለዚህ "በአንድ ዙር አለቀ አትበል" ብላ ለድጋሚ ምርመራ ቀጠረችኝ። እብጠቱ ጎድሏል፣ በጎቹም መብላት ጀምረዋል። ዶክተርዬ፣ እጅሽን ይባርከው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

በጎቻችሁ ከከሱባችሁ ወይም መንጋጋቸው ስር ካበጠ እሷ ጋ ሂዱ። የዚያኑ ቀን ጠዋት የወጣ በጠጥ በንጹህ ፌስታል ያዙ፣ ምርመራውን ወዲያው ትጀምርላችኋለች።